«ማን ሞተብሽ?»

እናቴ ካረፈች በ16ኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ከላይ ጥቁር ሹራብ። የቢሮውን በር ስከፍት መስታወቱ ላይ ያየኋት ሴት ቁርጥ አክስቴን ነበረች።

ሥራዬ የስነ ልቦና ምክር ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ከዓረብ አገር ለተመለሱ ሴቶች በተከፈተ መጠለያ እሠራለሁ። በቀሩት ቀናት አንዲት ጠባብ የግል ቢሮ አለችኝ። የምናነጋግራቸውን ሰዎች እርስ በርሳችን ስናወራ «ክላይንት» ነው የምንላቸው። «ታካሚ» ብንል በሽተኛ ማድረግ ይሆናል። «ደንበኛ» ሱቅ ያስመስላል። «ተገልጋይ» ደግሞ የቀበሌ ሰልፍ ያስታውሳል። ስለዚህ እዚህም ክላይንት እላለሁ። እዚህ የሁለት ክላይንቶቼን ታሪክ የምጽፈው አስፈቅጄ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳየውንም ቀያይሬዋለሁ።

የምጽፈው በዋናነት ሥራውን አሁን ለምትጀምሩ ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ስለ ራሴ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» መልስ የምሰጣቸው ካጠፋሁት ጥፋት ተነሥቼ ነው።

የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ባለ ቀጠሮ የ27 ዓመት ልጅ ነበረች። ሪያድ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ተገናኝተናል። አራቱንም ጊዜ ያወራችኝ ስለ አሠሪዋ፣ ስላልተከፈላት ደመወዝና ስለ ወገቧ ሕመም ነው። ስለ እናቷ የነገረችኝ «እኔ እዚያ እያለሁ ሞተች» ብላ ብቻ ነው። ከዚያ አላለፈችም፤ እኔም አልገፋኋትም።

ገባችና አየችኝ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ውይ ሲስተር! ማን ሞተብሽ?» አለች። (መጠለያው ውስጥ ጽዳቷ ሳትቀር ሁላችንም ሲስተር ነን።)

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተማርኩት መልስ ነበረኝ። «ስለ እኔ ማሰብሽ ደስ ይላል፤ ይህ ሰዓት ግን ያንቺ ነው» የሚል። እስቲ ይህን «ማን ሞተብሽ» ላለች ሴት በአማርኛ በሏት! እኛ አገር ሰው እንዲህ ሲል የሟቹ ማንነት ይነገረዋል፣ እሱም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ አሜን ይባላል። ይህን መከልከል ፊት መንሣት ነው። ደግሞስ ጥቁሩን ለብሼው! ስለዚህ «እናቴ» አልኳት። እስከዚህ ድረስ አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስትለኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ 16 ቀን ሙሉ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ከእድሩ ጋር ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ስነጋገር ቁጭ ብዬ ያለቀስኩበት ሰዓት አልነበረኝም። «እኔም እኮ እንዳንቺ…» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሆስፒታሉ አወራሁ። ስለ ኦክስጅኑ አወራሁ። ስለ መጨረሻዋ ሌሊት አወራሁ። እናቴ ውኃ ውኃ ስትል ሐኪሙ አይቻልም ስላለ ጥጥ እያረጠብኩ ከንፈሯን ሳብስ ማደሬን ሳይቀር ነገርኳት። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ እቴ» አለችኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ቀለል አለኝ፤ ምን እክዳለሁ። ስትወጣ «ዛሬ ይበልጥ ተቀራረብን» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ገና ሳትቀመጥ «አንቺስ እንዴት ነሽ? እህል ትበያለሽ?» አለችኝ። ሁለት ብርቱካን በፌስታል ይዛልኝ መጥታለች። ስለ ራሷ ስጠይቃት «የኔስ ምን አለው፣ እኔ ደህና ነኝ» አለች። ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ስታዝል፣ የሰው አሮጊት ስታጥብ የኖረች ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ሌላ የምታስታምመው ሰው ጨመርኩላት። ያኔ ግን አልታየኝም። ብርቱካኑን ተቀብዬ አመሰገንኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። በአራተኛውም ቀረች።

በየ15 ቀኑ ሥራዬን ይዤላቸው የምሄድ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ሱፐርቪዥን የምንለው ነው። ብዙ አይናገሩም። ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ «ስንት ደቂቃ አወራሽ?» አሉኝ።

«አምስት ቢሆን ነው» አልኩ።

«ደብተርሽን ክፈቺው። የዚያን ቀን ስለ እሷ ምን ጽፈሻል?»

ከፈትኩት። ስለ መቀራረባችን ግማሽ ገጽ አለ። ስለ እሷ ያለው አንዲት ቃል ናት፦ «አዘነችልኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ፍሮይድ፣ በንግግር የሚደረገውን የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና ስለ መሠረተው ሐኪም፣ ማውራት ጀመሩ። ፍሮይድ በ1912 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ለታካሚው እንደ መስታወት ይሁን፣ ከፊቱ የቆመውን እንጂ የራሱን አያሳይ ብሎ ጽፏል። እኔም በትምህርት ቤት የያዝኩት ይህንኑ ነው። ያልተማርኩትን ግን እሳቸው ነገሩኝ። ይኸው ፍሮይድ በ1907 እ.ኤ.አ. ያክመው የነበረ አንድ ወጣት ርቦት ሲመጣ ምግብ አቅርቦለታል። ማስታወሻው ላይም ጽፎታል። ለሌላ ታካሚው ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲቸገር ገንዘብ አሰባስቦ ሰጥቶታል። በስተርጅናውም ውሻውን የሕክምና ክፍሉ ውስጥ ያስተኛት ነበር። መስታወት የሆነው ሰውዬ ያበላል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ውሻ አለው። ሳቅኩ። ከእናቴ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ መሰለኝ።

«እንግዲህ ዕቃ አይደለሽም፤ ከነራስሽ መግባትሽ አይቀርም» አሉኝ። «ማን ይዞሽ እንደገባ፣ የእሷ ጉዳይ ይሁን የራስሽ፣ እሱን ነው ማየት ያለብሽ።»

ከዚያ ሁለት ሰዎችን አስነበቡኝ። አንዷ የሳይኮአናሊሲስ ባለሙያዋ ፓውላ ሃይማን ናት። በ1950 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፏ፣ ሐኪሙ ታካሚው ፊት ተቀምጦ የሚሰማው ስሜት ዋነኛ የሥራ መሣሪያው ነው አለች። ያን ጊዜ ብዙዎች የሐኪሙን ስሜት እንደ ችግር ነበር የሚያዩት። እሷ ግን የታካሚውን የውስጥ ጉዳይ በራስህ ስሜት በኩል ልታውቀው ትችላለህ አለች። ወዲያው ደግሞ ልጓም አበጀችለት። ስሜትህን ያዘው እንጂ አትዘርግፈው፤ ለታካሚው ብትነግረው ሸክም ይሆንበታል አለች። ሁለቱ ብርቱካኖች ትዝ አሉኝ።

ሌላው አሜሪካዊው የስነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች አንዱ የአማካሪው ሐቀኝነት ነው። ብዙዎቻችን ይህን «የተሰማህን ተናገር» እያልን እናነበዋለን። እሱ ግን ዓላማው አማካሪው ስሜቱን እንዲያወራ እንዳልሆነ፣ ዋናው ክላይንቱን እንዳያታልል መሆኑን እዚያው ጽፎታል። ጥቁር ለብሶ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ማታለል ነው። «እናቴ አርፋለች» ማለት እውነት ነው። የጥጡን ነገር መዘክዘክ ግን ከሐቀኝነት ጋር ምን አገናኘው? እሱ የእኔ ለቅሶ ነው።

ስለ «እኔም እኮ» ትንሽ ልበል። እኛ የምንጽናናው በዚህች ቃል ነው። ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ የራሱን ሟች ይዞ ይመጣል። አንዷ ስለ ወንድሟ ታነሣለች፣ ሌላዋ ስለ ልጇ፤ ኀዘንተኛዋም የባሰ እንዳለ እየሰማች ታድራለች። እዚያ ይሠራል፣ ምክንያቱም ተራ አለ። ዛሬ ያዳመጠች ነገ ትደመጣለች። ምክር ክፍል ውስጥ ግን ተራ የለም። ሰዓቱ የአንዷ ብቻ ነው። «እኔም እኮ» ስል የወሰድኩት የእሷን ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ውሸት ነበር። እኔ እንደ እሷ አልነበርኩም። እኔ የእናቴን ከንፈር አብሻለሁ፤ እሷ የእናቷን መቃብር እንጂ እናቷን አላየችም። «እንዳንቺ» ያልኩት ገና የእሷን ሳልሰማ ነው።

ደወልኩላት። ክላይንት ሲቀር መደወል ተገቢ ነው አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ ባጠፋነው ጊዜ ግን መደወል ያለብን ይመስለኛል። መጣች። «ባለፈው ያንቺን ሰዓት ለራሴ ለቅሶ ወሰድኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ የማለቅስበት ቤተሰብ አለኝ፣ እኔን ማስታመም ያንቺ ሥራ አይደለም» አልኳት። ብዙ አላስረዘምኩም። ይቅርታም ሲረዝም ስለ ራስ ማውራት ይሆናል።

አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «የቢሮ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። በኋላ ግን ፈራሁ። የኔን ብነግራት ትወድቅብኛለች አልኩ።»

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ከቦሌ ቤት ስትደርስ ሁሉም አለ፣ እናቷ የለችም። «ጸበል ሄዳለች» አሏት። ዶሮ ተሠርቶላታል፣ በላች። «የት ጸበል?» ስትል አንዱ አንድ ቦታ ይላታል፣ ሌላው ሌላ ቦታ። ሦስት ቀን እንዲህ አሳለፉ። ድካሟ ይውጣላት፣ እህል ትቅመስ ብለው ነው። በአራተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። አክስቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ከኋላዋ ጎረቤት ሁሉ። «ነጠላዋን ሳይ ጮህኩ» አለችኝ። «የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ የሰማሁት ከነጠላዋ ነው።» እናቷ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ስምንቱንም ወር «ለእማዬ መድኃኒት» እያለች ብር ስትልክ ነበር።

ይህን ስትነግረኝ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ለእሷ አልነገርኳትም። ተናደድኩ። በዘመዶቿ ላይ፣ በተለይ በዶሮው ላይ። እሷ ግን ስታወራ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ «ለኔው ብለው ነው» ትላለች። ንዴቱ የማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እኔን ማንም አልደበቀኝም፤ የራሴ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «ያን ዶሮ ስታስታውሺ ምን ይመጣብሻል?» ብቻ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ይተናነቀኛል» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የሠራነው በዚያ ዶሮ ላይ ነው። ሃይማን ያለችው እንደዚህ ያለውን ነው መሰለኝ። ስሜቴን አልተናገርኩትም፤ የት እንደምጠይቅ ግን አሳየኝ።

ጥቁሩ ግን ገና ችግር ነበር። አውልቄ ልገባ አስቤ ነበር። አክስቴ «የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ!» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። እስከ ሙት ዓመት መልበሴ አልቀረም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግኩ። ቀጠሮ የምትይዘው ልጅ ለእያንዳንዱ ሰው ስትደውል «ኀዘን ላይ ናት፣ እናቷ አርፋለች፣ ሥራ ግን ጀምራለች» እንድትል ነገርኳት። ድንጋጤው በር ላይ እንዳይሆን ነው። ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላሉ። «አሜን፣ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ጋር ለመሥራት ደህና ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ትንሽ ቆይቼ «ጥቁሬን ስታይ ያሰብሽው ነገር ነበር?» እላለሁ። ግማሾቹ «ኧረ ምንም» ይላሉ። ሌሎቹ ያስገርሙኛል። አንዷ «እናቴ ሳትሞት ልታረቃት ይሆን?» አለችኝ። በዓመት ያላነሣችው ነገር ነበር።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ፤ ታውቋቸዋላችሁ። «ወልደሻል?» የሚለው ሁሌም ይመጣል። ባጭሩ እመልሳለሁ፤ ሦስተኛ ጥያቄ ሲሆን «ልጅ ያላት ሴት ብቻ የምትረዳሽ ይመስልሻል?» እላለሁ። «ጸበል ትሄጃለሽ?» ለሚለው እውነቱን እናገራለሁ፣ አልሰብክም። ከባዱ ስሜ ነው። እኛ አገር ሙሉ ስም የራስ ስም ከአባት ስም ጋር ነው፣ የአባት ስም ደግሞ ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ይነገርበታል። የበሩ ላይ ስሜን አንብቦ ፊቱ የተለወጠ ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። «ስሜን ሲያነቡ ምን አሰቡ?» ብዬ ጠየቅኩት። አንዴ መልስ አገኘሁ፣ አንዴ ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

አሁን ስለ ሐሙስ ልንገራችሁ።

ሐሙስ በ9 ሰዓት አንድ የ68 ዓመት አባት ይመጣሉ። ጡረተኛ ናቸው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ነበሩ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ እርስዎ እላለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። (ይህም ራስን ማስገባት ነው። በአማርኛ ሰውን አንተ ወይም አንቱ ሳይሉ ማውራት አይቻልም። አንቱ ስል ልጃቸው ሆኛለሁ፤ አንተ ብል ባለጌ እሆናለሁ።) ችግራቸው እንቅልፍ ማጣት ነው። የሚያስቀው፣ እሳቸው ሲያወሩ የሚተኛው እኔ ነኝ።

ከምሳ በኋላ ስለሆነ ነው አልኩ። ምሳ ሳልበላ ገባሁ፤ አዛጋሁ። በዓቢይ ጾም ባዶ ሆዴን ገባሁ፤ ዓይኔ ተከደነ። በፍስኩ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥቼ ገባሁ፤ ያው ነው። በ10 ሰዓት የምትመጣው ሴትዮ ስትገባ ግን ዓይኔ ቁልጭ ይላል። የእናቴ ኀዘን ነው እንዳልል እሷ ላይ ለምን አይመጣም? ስለዚህ ሦስት ሳምንት እንቅልፉ የሚመጣበትን ቦታ ብቻ በልቤ ያዝኩ። ሦስቱንም ጊዜ የመጣው የታናሹን ልጃቸውን ስም ሲያነሡ ነው።

«እንቅልፌ እየመጣ ነው» ማለት ውሸት አይሆንም፤ ነውር ግን ነው። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ሄጄ እንዴት ልበል ብዬ ተለማመድኩ። አዎ፣ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ማፈር የለበትም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ልሳሳት እችላለሁ» አልኳቸው። «ስለ ልጅዎ ሲነግሩኝ ከእኔ የሚርቁ ይመስለኛል። ድምፅዎን እሰማለሁ፣ እርስዎን ግን አጣዎታለሁ። የእኔ ድካም ይሆን? ወይስ ለእርስዎም ይታወቅዎታል?»

ኮስተር አሉ። አስቀየምኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ጥግ ጥጉን ፈገግ አሉ። «ባለቤቴም ትለኛለች» አሉ። «ስለ ልጁ ስታወራ ሬዲዮ ትመስላለህ ትለኛለች።»

ልጁ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቷል። የመጨረሻ የደወለው ከሊቢያ ነው። አራት ዓመት ሆነው። «መርዶ አልመጣ፣ ደብዳቤ አልመጣ» አሉኝ። «ድንኳን ልጣል? በቁሙ ልቅበረው? ዝም ልበል? ቢመጣስ ምን ሊለኝ ነው?» ይህን ሲሉ ሬዲዮ አልነበሩም። ሬዲዮው ማታ ማታ እንዳይጮሁ የሚከፍቱት ነገር ነበር። እኔም አብሬያቸው ነበር የማደነዝዘው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ያን የእንቅልፍ ጉዳይ በእሳቸው ላይ ከማላከኬ በፊት የራሴን ማጣራት ነበረብኝ። የራሴ አማካሪ አለችኝ፤ ከእናቴ ሞት በኋላ ነው የጀመርኩት፣ መጀመር የነበረብኝ ግን በፊት ነው። የጥጡን ታሪክ አሁን የምነግረው ለእሷ ነው። የሚሰማችሁ ነገር ሁሉ ከክላይንቱ የመጣ አይምሰላችሁ። አንዳንዴ በእውነት ምሳው ነው።

የእናቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ በነበረው ሐሙስ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ ገባሁ። አባባ ሳይቀመጡ አዩኝ።

«ጥቁሩን አወጣሽ ልጄ?»

«አዎ አባባ፣ ዓመቱ ወጣ።»

«እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉ። ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ብዙ ቆዩ። ስለ እናቴ የምለው ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ያንቺ ዓመት አለው» አሉኝ።

«የእርስዎስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ልጁ ከቤት የወጣበትን ጠዋት ከመጀመሪያው ነገሩኝ። የ10 ሰዓቷን ሴትዮ 15 ደቂቃ አስጠበቅኳት።